አመድ የማይተው እሳት

ጠዋት የጉዕሽን አስከሬን ካወጡ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ሽታ ነበር።

መርማሪ ሁዜይፋ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። ያደገው ሱዳን ድንበር ላይ፣ ጋላባት ነው። እናቱ የመተማ ሰው ናት፣ አማርኛውም ከሷ ነው። ገዳሪፍ ፖሊስ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ የተቃጠለ መጋዘን ብዙ አይቷል። ሰሊጥ ሲነድ ያውቀዋል፣ ማሽላ ሲነድም ያውቀዋል። ይሄ ሽታ ግን የሁለቱም አይደለም።

«ያ ሙላዚም፣ ልጁ ይኸው» አለው አንዱ ፖሊስ፣ በዓረብኛ በማዕረጉ እየጠራው።

ልጁ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለውለታል።

«ስምህ ማነው?»

«ሃፍቱ።»

«ሟቹ ምንህ ነው?»

«ጓደኛዬ ነው። ጉዕሽ። የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። ወባ ይዞት ከጆንያው ጀርባ ተኝቶ ነበር። ሻይ ላፈላለት ብዬ በሩ ላይ ከሰል አያያዝኩ። ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ስመለስ ቤቱ እሳት ሆኖ ነበር። ልገባ ሞከርኩ፣ በሩ ብረት ነው...» የተጠቀለለ እጁን አነሳ።

ሁዜይፋ ወደ ደፉ ተመለሰ። የከሰል ምድጃው እዚያው ነው። አልተገለበጠም። ላዩ ላይ በራዱ እንዳለ ተቀምጧል፣ ክዳኑ እንኳን አልወደቀም።

ወደ ውስጥ ገባ። ግድግዳውም ጣራውም በጥላሸት ጠቁሯል። ወለሉ ላይ ግን አንድ ነገር አየ። በጠቆረው ሲሚንቶ ላይ ቀጭን ነጣ ያለ መንገድ አለ፤ ሰው በጣቱ የጠረገው ይመስላል። የሚነሳው ከበሩ አይደለም። ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ሥር፣ ከኋላ በሩ አጠገብ ይነሳና ጆንያዎቹ ተደርድረውበት ወደነበረው ቦታ ይሄዳል። መንገዱ በሚነሳበት ልክ ከላይ ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር አለ። ከምስማሩ በታችም ጥላሸት ነው።

ሁዜይፋ ቁጢጥ ብሎ እያየ ሳለ ውጭ ጩኸት ተሰማ።

ከቱነይድባ አውቶቡስ የወረደ ሰው ነው። ሽበታም፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ያደረገ። ፖሊሶቹን ገፍቶ አልፎ ሃፍቱ ላይ ወደቀበት። አቀፈው። አንገቱን ሳመው።

«ልጄ! አንተስ እንኳን ተረፍክልኝ! ጉዕሽን አጣሁት፣ አንተንም ባጣህ ኖሮስ!»

ሃፍቱ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰም ነበር። በሰውየው ደረት ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰውየው ክብርኣብ ይባላል። የመጋዘኑ ባለቤት ነው። የሃፍቱም ክርስትና አባቱ ነው። ከሑመራ ሲሸሹ ሐምዳይት ላይ ወንዙን ያሻገራቸው እሱ ነው። ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚይዘው፣ የታመመ የሚጠይቀው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። አንድ ነጭ ዱቄት ከፖርት ሱዳን እያስመጣ የምግብ ማብሰያ ማገዶ ያሠራል። እንጨት ለቀማ ሲወጡ መከራ የሚያዩ ሴቶች ሁሉ ይመርቁታል።

«ዱቄቱ ይነዳል?» አለው ሁዜይፋ።

«ብቻውን? በጭራሽ። እኛ ሰም ጨምረንበት ነው የሚነደው። እዚህ ያለው ጥሬው ነው። አንድ ጆንያ ቤቴ ቀርታለች፣ ናሙና ላምጣልዎትና ያስመርምሩት።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ቱነይድባ። ሲነጋ ነው ወሬው የደረሰኝ።»

«እዚያ ምስማር ላይ ምን ተሰቅሎ ነበር?»

ክብርኣብ ዞር ብሎ አየ። «ምንም። ድሮ የቀን መቁጠሪያ ነበር መሰለኝ።»

*

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ራሒማ ናት። እሷም የመተማ ሰው ናት፣ የሁዜይፋን እናት ታውቃለች። ስለዚህ ፖሊስ ነው ብላ አትፈራውም።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሲሞት ነው እኔ ጋ የምትመጣው? በደህናው ቀን ሻይ አትጠጣም?»

«ሐኪም ስኳር ተው ብሎኝ ነው፣ አክስቴ።»

«ሐኪሙ እኔ ጋ ሦስት ማንኪያ አድርጎ ነው የሚጠጣው።» ብርጭቆ አስቀመጠችለት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «መስኪን ጉዕሽ። ከሰዓት ሻይ አስገብቼለት ነበር። ትኩሳቱ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። አላህ ይርሐመው።»

«እሳቱን አይተሻል?»

«ለማታው የመግሪብ ሰላት ገብቼ ነበር። ስወጣ ነዷል። ጭስ እንኳን እምብዛም አልነበረውም በመጀመሪያ፣ ወላሂ። ሽታው ነው። ዓሣ ዓሣ ይላል። ማነው በዚህ ሰዓት ዓሣ የሚያቃጥለው አልኩ።»

«ከክብርኣብ ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

ራሒማ ግራ ቀኝ አየች። «ያዕቁብ። የሰሊጥ ነጋዴው፣ ጎረቤቱ። ባለፈው እዚሁ ቆሞ በአንተ ላይ እሳት ነው የምለቅብህ ሲለው ሰምቻለሁ። ከኔ ሰማሁ እንዳትል፣ ሻይ የሚጠጣው እኔ ጋ ነው።»

ያዕቁብ ምንም አልካደም። በራሱ መጋዘን በር ላይ ሰሊጥ እያስመዘነ ነው ሁዜይፋ ያገኘው።

«ብያለሁ። ለሚስቴም በየቀኑ እላታለሁ፣ ይኸው ደልባ ተቀምጣለች።»

«ለምን አልከው?»

«ያ ዱቄቱ ይነዳል ብዬ ነዋ! ሰሊጡም ጆንያውም ሁሉ ነገሬ ከሱ ጋር ግድግዳ ነው የሚለየው። ከከተማ አውጣው አልኩት። አይነድም፣ ስታስመረምረው ታየዋለህ አለኝ።»

«ትናንት ማታስ?»

«ባሱንዳ ነበርኩ። የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ገበሬዎቹ ጋ አደርኩ። ጠይቃቸው። እንዲያውም ጎማውን ስንቀይር ከክሪኩ ጋር ታግዬ እጄን ተላጥኩ፣ ይኸው።»

ሁዜይፋ ባሱንዳ ደወለ። ገበሬዎቹ እየሳቁ ነው የመለሱለት። ያዕቁብ እነሱ ጋ አድሯል፣ ሌሊቱንም ሲሳደብ ነው ያነጋው።

*

ሳና የኬሚካል መርማሪ ናት፤ ካርቱም ሳለችም ሥራዋ ይሄው ነበር። ዱቄት፣ ጥፍጥፍ፣ ድንጋይ የሚመስል ኬሚካል ሁሉ ለሷ ይመጣላታል። በመኪና ከመጫኑ፣ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ይነዳል አይነድም የምትለው እሷ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ሸሽታ ገዳሪፍ ገባች። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ሰጥተዋታል።

ክብርኣብ ናሙናውን በጠርሙስ አምጥቶ ነበር። ሳና አንድ የሸክላ ንጣፍ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ዱቄቱን በቆርቆሮ ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቃ ገለበጠችው። ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም፣ እንደ ጣት የወፈረ የዱቄት መስመር ሆነ።

«መስኮቱን ዝጋው፣ ነፋስ ይረብሸዋል» አለችው። «አሁን አንዱን ጫፍ አቃጥላለሁ። እሳቱ በራሱ ተጉዞ እዚያ ጫፍ ከደረሰ፣ በፍጥነትም ከሄደ፣ ይሄ ነገር ሰው ከሚኖርበት አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ካልተጓዘ ደግሞ ዕዳ የለበትም።»

እሳቱን አስጠጋች። ጫፉ ሰማያዊ ነበልባል ያዘ። ነበልባሉ አንድ አውራ ጣት ያህል ሄደ። ከዚያ ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ።

ደግማ ሞከረች። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜም ሞከረች።

«አይጓዝም» አለች።

«መጋዘኑ ወለል ላይ መስመር አይቻለሁ ብዬሻለሁ። ልክ እንደዚህ ያለ።»

«ይሄ ዱቄት ከሆነ እሳት እንዲህ ተሸክሞ አይሄድም፣ ያ ሁዜይፋ። ላስደስትህ ብዬ አልዋሽም።»

ነበልባሉ የነካው ቦታ ላይ ነጭ ቅርፊት ቀርቷል። ሳና በቢላ ፍቃ ጣለችው። ሁዜይፋ ቅርፊቱ ሲሰበር አየ፣ ለምን እንዳየው ግን አላወቀም።

*

በነጋታው ሃፍቱ ራሱ መርማሪውን ወደታሰረበት ክፍል አስጠራው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ዱቄቱ አይነድም ተባለ አይደል? ካልነደደ ሌላ እሳት የለም። የኔ ከሰል ነው። ነፋስ ፍም ወስዶ ይሆናል። ጉዕሽን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ምድጃው በር ላይ ነበር። አልተገለበጠም።»

«ክርስትና አባቴ መጥቶ ሁሉንም አስረዳኝ። ሆን ብለህ አይደለም፣ እግዚአብሔርም ያውቃል፣ እመን ይቀልልሃል አለኝ።» በታሸገ እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ጌታዬ፣ ሻይ ልስጠው ብዬ ነው እኮ።»

ሁዜይፋ ወጣ። አለቃው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀው።

«ኻላስ፣ አለቀ፣ አምኗል። እሑድ ጠዋት ለዓቃቤ ሕግ ይተላለፋል። ሰው ሞቷል፣ በቀላሉ አይወጣም። አንተም እረፍ።»

ሁዜይፋ አላረፈም። በራዱ ዓይኑ ላይ ነው። ፍም የሚያበር ነፋስ የበራድ ክዳን አይጥልም?

*

ቱነይድባ ሲደርስ ረፋድ ነበር። የራሽን ሰልፉ ካምፑን አቋርጦ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ክብርኣብ ቤት የለም፣ ገዳሪፍ ሄዷል አሉት። የሃፍቱን እናት ቤት አሳዩት።

እናቱ ለተትንሳኤ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ድስት በአሸዋ ትፈትጋለች። ባሏን ጦርነቱ ወስዶባታል። ሴት ልጆቿ ተድረው አንዷ ከሰላ ነው፣ አንዷ የት እንዳለች አይታወቅም። እጇ ላይ የቀረው ሃፍቱ ነው። ፖሊስ መሆኑን ስትሰማ ድስቱ ከእጇ ወደቀ።

«ሞተ?»

«ኧረ የለም እማማ! ደህና ነው። እጁም እየዳነ ነው። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

«ተመስገን። ተመስገን።» አማተበች። «ግባ ልጄ። ውጭ ላይ እንግዳ አይቀመጥም።»

ቤቷ ጠባብ ናት፣ ግን ተጠርጋለች። በምሥራቅ በኩል ሥዕል ተሰቅሏል። ከላይ እስከ ታች በቀይ ከፋይ ተሸፍኗል። ዙሪያ ክፈፉም በከፋይ ተሰፍቷል። ሁዜይፋ ቆቡን አወለቀ።

«ልጄ እዚህ ካምፕ ውስጥ የሰው ዶሮ እንኳን እሽ ብሎ አያውቅም» አለች። «ጉዕሽን እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚወደው። አበልጄ ክብርኣብ ነው ብርታት የሆነኝ። ቀለል ያለ ፍርድ ይሰጠዋል፣ ብቻ ይመን አለኝ። አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ...» ሁዜይፋ በሩ ላይ የወደቀውን ድስት አየ። «ድስቱን በአሸዋ ለምን ይፈትጉታል? ያልቃል እኮ።»

ያን ለማለት አልመጣም፣ አፉ ላይ የመጣለት እሱ ነው። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ሚስትህ በአመድ ነው የምትፈትገው?»

«እናቴ በአመድ ነው።»

«ከየት ላምጣው አመድ? ይሄ የአበልጄ ማገዶ ደግ ነገር ነው፣ ጭስ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። አንድ ጥፋቱ አመድ የለውም። ነዶ ነዶ ድንጋዩን ንጹሕ አድርጎ ይሄዳል። አመድ የምለምነው እንጨት ከሚያነዱ ሰዎች ነው። እነሱም ሰልችቷቸዋል።»

ሁዜይፋ ቀና አለ። «ምንም አይተውም?»

«ምንም። እንዳልነበረ።»

«ነጭ ቅርፊት ነገርስ?»

«ቅርፊት የለውም። ምን ሆንክ ልጄ?»

«ሰሙስ? ከሰም ጋር ስታደባልቁት...»

«የምን ሰም?» ሳቀች። «ሰም ብናገኝ ለጧፍ አናደርገውም? እኛው ሴቶቹ ነን የምንሠራው። ዱቄቱን ትንሽ ውኃ ረጨት አድርገን በጠርሙስ ቆርኪ እንጠቀጥቃለን። ሲደርቅ አለቀ። ቆይ ላሳይህ።»

አንድ የወተት ጣሳ አወጣች። ውስጡ የቆርኪ ቅርጽ ያላቸው ነጫጭ ድፍኖች አሉ። ከሥሩ ገና ያልተጠቀጠቀ ደረቅ ዱቄት ቀርቷል። ሁዜይፋ አሸተተው። ዓሣ ዓሣ ይላል።

«እማማ፣ ይሄን ጣሳ ለኔ ይስጡኝ።»

«ማገዶዬን? በምን ላበስል ነው?»

«ለሃፍቱ ነው።»

ሌላ አልጠየቀችም። ክዳኑን ገጥማ ሰጠችው። ሊወጣ ሲል ሥዕሉን አየ።

«ይሄስ?»

«እመቤታችን ናት። ባለፈው ሰንበት አበልጄ ነው ያመጣልኝ። ልጅሽ እስኪፈታ ከሷ አትለዪ አለኝ። ጠዋትና ማታ እሷ ፊት ነው የምወድቀው።»

*

ሳና መስኮቱን ዘጋች። ከጣሳው ሥር ያለውን ዱቄት በቅርጹ ጠቅጥቃ ሸክላው ላይ ገለበጠችው። ያው መስመር፣ ያው ልክ። እሳቱን አስጠጋች።

ነበልባሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ተነሳ። አልቆመም። ጭስ ሳያወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰው ሰተት ብሎ ቤቱ እንደሚገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ሳና በእጇ የያዘችውን ሰዓት አየች። ሁዜይፋ ሸክላውን አየ። ምንም የለም። አመድ የለም፣ ቅርፊት የለም። መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሸክላው ነጣ ብሏል።

መጋዘኑ ወለል ላይ ያየው ይሄንኑ ነው።

«ያን ጠርሙስ ማነው የሰጠህ?» አለች ሳና። ድምፅዋ ተቆጥቷል። «ጨው ወይ ኖራ ነው ያደባለቀበት። ትንሽ እንዲለበልብና እንድናምን እውነተኛውንም ጨምሮበታል። ቅርፊቱን እኔም አይቼው ነበር። ያመጣው ሰው በልጁ የሚያለቅስ ሰው ነው ብለህ ስትነግረኝ...»

«እኔም ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።»

ሳና እርግጠኛ ለመሆን ደግማ ሠራችው። በዚህ ላይ ስሟን እንደምትፈርም ነገረችው።

ሁዜይፋ በቀጥታ ራሒማ ጋ ሄደ።

«አክስቴ፣ መጋዘኑ ውስጥ ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ምን ነበር?»

«የነሱ ሥዕል ናታ። የመርየም። ክብርኣብ ማርያማቸው በሆነ ቀን አይቀርም፣ በኋላ በር ገብቶ ከሥሯ ጧፍ ያበራላታል። ገዳሪፍ ካለ ነው ታዲያ።»

«እሳቱ የተነሳ ቀንስ ምን ነበር?»

«ማርያማቸው ነበር። ጉዕሽ ነው የነገረኝ፣ ዛሬ ማርያም ነው ትምረኛለች ሲለኝ።»

«ሥዕሏ ያን ቀን ነበረች?»

«ከሰዓት ሻይ ሳስገባለት በዓይኔ አይቻታለሁ። እሷን እያየ ነው ተኝቶ የነበረው። ምነው? አብራ ተቃጠለች አይደል?»

ሁዜይፋ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ወለሉ ላይ የመስታወት ስባሪ አልነበረም። የክፈፍ ርዝራዥ አልነበረም። ምስማሩ ሥር የተሸፈነ ንጹሕ ቦታ አልነበረም፣ ሁሉም ጥላሸት ነው። ሥዕሏ ጭሱ ሳይመጣ ነው የወጣችው።

አንድ ሰው እሷን ተሸክሞ ወጥቷል።

*

ቅዳሜ ቱነይድባ ሲደርስ ክብርኣብ ለተትንሳኤ ቤት ነበር። ዳቦ ይዞላት መጥቷል። ጎን ለጎን ቁጭ ብለው እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ጀርባዋን ይደባብሳል።

«በርቺ አበልጄ፣ ነገ ነው። እኔም አብሬው እቆማለሁ።»

«እንደምን ዋላችሁ» አለ ሁዜይፋ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊስ ቀሩ። «አቶ ክብርኣብ፣ እርስዎንም እዚሁ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት መጥቼ ነው።»

«ምን ልጄ?»

«ሥዕሏን ይግለጡልኝ። እኔ እስላም ነኝ፣ እጄን አላሳርፍባትም።»

ክብርኣብ ተነሳ። «ምን ማለትዎ ነው? እሷ የጸሎት ናት! የሃይማኖት ነገር ውስጥ ፖሊስ ምን አገባው?»

«መግለጥ ብቻ ከሆነ ምን አለበት» አለች ለተትንሳኤ። መጋረጃውን ወደ ላይ ሰበሰበችው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ታየች።

«ክፈፏ ላይ ያለውንም ከፋይ።»

«እሱማ የተሰፋ ነው። አበልጄ እንዳይቧጨር ብሎ...»

«ታመልጥሻለች፣ ተይው!» አለ ክብርኣብ። እጁን ዘረጋ።

ለተትንሳኤ ዞር ብላ አየችው። ከሃያ ዓመት በላይ ያየችው ፊት ነው። ክርስትና ያነሳላት፣ ወንዝ ያሻገራት። አሁን ግን ፊቱ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው አለ።

ሥዕሏን ከምስማሩ አወረደች። ተሳለመቻት። ጭኗ ላይ አስተኝታ የስፌቱን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ከፋዩን ላጠችው።

የክፈፉ አንድ ጎን ከሰል ሆኗል። የመስታወቱ ጥግ ተሰንጥቋል። ጣቷን አሳለፈችበት፣ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ባለፈው...» አለ ክብርኣብ፣ «መስታወቷን ላሠራ አውርጃት ነበር። ከእሳቱ በፊት። አንድ ሳምንት በፊት።»

«እሳቱ የተነሳ ቀን ከሰዓት ምስማሯ ላይ ነበረች» አለ ሁዜይፋ። «ያየቻት ሰው አለች። ጉዕሽም እያያት ነበር። ማርያም ነበር ያን ቀን። በኋላ በር ገብተው ጧፍ አበሩላት። ከሥር ወለሉ ላይ ከጆንያው የፈሰሰ ዱቄት ነበር። ጧፉ ወደቀ። እሳቱ በዱቄቱ ላይ እየሄደ ጆንያው ደረሰ። ዱቄቱ እንደሚነድ ያውቃሉ። ስለሚያውቁ ነው ለኛ ጨው ያመጡልን።»

ክብርኣብ መልሶ ተቀመጠ።

«እሷን እሳት ሲበላት ማየት አልቻልኩም» አለ ቀስ ብሎ። «አነሳኋት። እጄ ላይ ነበረች። ውጭ አስቀምጬ ልመለስ ነበር።»

«ጉዕሽ እንደተኛ ታውቅ ነበር?» አለች ለተትንሳኤ።

ክብርኣብ የተላጠውን ከፋይ ከመሬት አነሳ።

«ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ?»

«ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ።»

ለተትንሳኤ አልጮኸችም። ሁዜይፋ ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ሰው ይሰበሰባል፣ ዱቄቱ ይነዳል ነበር ለካ ይባላል፣ አለቀልኝ አልኩ» አለ ክብርኣብ። «ሴቶቹም በኔ ነው የሚያበስሉት። ቤተ ክርስቲያኑም... ሃፍቱ ልጅ ነው፣ በስህተት ነው ይባላል፣ ጥቂት ታስሮ ይወጣል ብዬ። እኔ ስንቁን ላደርስለት፣ አንቺንም ልጦር...»

«ለምን ወደኔ አመጣሃት?» አለች፣ እጇን ሥዕሏ ላይ አድርጋ። «ለምን አልቀበርካትም?»

«እሷን? እንዴት ብዬ? ቤቴም ሳኖራት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። መጣል ኃጢአት ነው።»

«ኃጢአት ነው» አለች ለተትንሳኤ። «እውነትህን ነው።»

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ፖሊሶቹ ሲወስዱት በሩ ላይ ቆሞ «አበልጄ» አላት። ዳቦውን ከመሶቡ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ፊቱን ሳታይ ተመለሰች።

«እማማ፣ ሥዕሏን መውሰድ አለብኝ» አለ ሁዜይፋ። «ማስረጃ ናት።»

አዲስ ነጠላ ነበራት፣ ለፋሲካ ያስቀመጠችው። በሱ ጠቀለለቻት። «ስትይዛት በሁለት እጅህ ያዛት» አለችው። እንዳለችው በሁለት እጁ ያዛት።

*

ሃፍቱ እሑድ ተፈታ። እናቱ እጁ ስላልዳነ እንደ ሕፃን ታጎርሰዋለች፣ ፊቱንም ታጥበዋለች። የጎረቤት ሴቶች ማገዶው ስለተያዘ እንጨት አካፍለዋታል። ቤቷ በጭስ ተሞልቷል። ድስቷን በአመድ ትፈትጋለች።

ማታ ማታ ምሥራቁን ግድግዳ፣ ባዶውን ምስማር እያየች ትጸልያለች። ሥዕሏ ገና ገዳሪፍ ናት። ድሮ ጸሎቷ መስመር ነበረው፤ ባሏን፣ ሴት ልጆቿን፣ ሃፍቱን፣ ከዚያ አበልጄን ትላለች። አሁን ሃፍቱን፣ ጉዕሽን ትልና ቃሉ የሚመጣበት ቦታ ላይ ትቆማለች። ምላሷ በልማድ ሊጠራው ይነሳል። መልሳ ትውጠዋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሃፍቱን እንጨቱ ነዶ ካለቀ በኋላ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። በታሸገ እጁ አፈር እየገፋ ይጨምርበታል። ጠፍቷል እኮ፣ በርዷል።

«ምን ታደርጋለህ ልጄ?»

«እንዳይነሳ።»

«ጠፍቷል። አንተ አይደለህም ብዬሃለሁ። መርማሪው ነግሮሃል፣ ያቺ ሴትዮም በእሳት መርምራ አይታዋለች። ያንተ ከሰል ከበሩ አላለፈም። ራሱ ክብርኣብ አምኗል።»

«አውቃለሁ እናቴ።»

«ታዲያ?»

ሃፍቱ አፈሩን ማፍሰሱን አላቆመም።

«እሱ አንተ ነህ ሲለኝ እኮ» አለ፣ «አቅፎኝ ነበር።»